የሹሙ ምላስ

በቴንፖ ዘመን በመጀመሪያው ዓመት፣ በሦስቱ ደሴቶቻችን የሚበቅለው ሸንኮራ ሁሉ ከሥሩ እስከ ጫፉ ባሕር ማዶ ሆኖ የሚገዛን የሳትሱማ መስፍን ሆነ። ከዚያ በፊት ግብር ገብረን የተረፈንን ስኳር ለመርከበኞች በሩዝ እንለውጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚተርፍ የሚባል ነገር ቀረ። እፍኝ ስኳር ለሌላ የሸጠ ይሞታል። ጉቶውን ከፍ አድርጎ የቆረጠ እግር ብረት ይገባል። ጣቱን የላሰ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ይገረፋል። የተመደበበትን ያልሞላ፣ ጎደሎውን ለሚተካለት ባለጸጋ ከነልጆቹ ሎሌ ይሆናል። ሕጉ በተነበበ ዕለት የየመንደሩ ጭቃ ሹሞች ግንባራቸውን አሸዋ ላይ ደፍተው አመሰገኑ። ስለ ምን እንዳመሰገኑ የጠየቃቸው የለም፤ ራሳቸውንም የጠየቁ አይመስለኝም።

ሕጉ ከወጣ ስድስተኛው ጸደይ ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ የስኳር ቀማሹ ሹም የኮማኪ ጂንናይ ፈረስ ወደ ኢናሃማ መንደር የሚያወርደውን ኮረብታማ መንገድ ጀምሮ ነበር። ሹሙ ሁለት ሰይፉን ታጥቆ፣ አንገቱን እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ተቀምጧል። የኢናሃማው ጭቃ ሹም ሳኤኩ፣ ጓሮው በሎሌ የተሞላ ባለጸጋ፣ ጫማውን አውልቆ በብብቱ ይዞ፣ የፈረሱን ልጓም በገዛ እጁ እየጎተተ ከፊት ይሮጣል። ልጓሙን ይይዝ ዘንድ ያዘዘው አልነበረም። ከኋላቸው ናቢ፣ ቀይ ቅብ ሣጥን በደረቷ ታቅፋ ትከተላለች። በሣጥኑ ውስጥ የቀርከሃ ማንኪያ፣ ነጭ የሸክላ ጽዋና ክዳን ያላት የውሃ ማሰሮ ነበሩ።

ናቢ የሹሙ የደሴት ሚስት ናት። ከሳትሱማ የሚመጣ ሹም ሁሉ ለአገልግሎት ዘመኑ ከእኛ ሴቶች አንዷን ያስቀምጣል፤ ዘመኑ ሲያበቃ እሱ ይሳፈራል፣ እሷ ባሕሩ ዳር ትቀራለች። የደሴት ሚስት መርከብ እንዳትወጣ ሕግ ይከለክላል። የወለደችለትን ልጅ ግን መውሰድም መተውም የአባትየው ፈቃድ ነው። ከተወውም ልጁ የሹም ዘር ነውና ሸንኮራ አይቆርጥም፤ ወይ ጸሐፊ ይሆናል፣ ወይ አስተርጓሚ። የናቢ ምኞት ከዚህ አያልፍም ነበር። ጂንናይ እዚሁ እንዲሰነብት፣ ኪኩጂሮ የተባለው ልጇም በአባቱ ጥላ ሥር፣ በእሷ ዓይን ፊት እንዲያድግ። ጂንናይ ባገባት ማግስት ሰዉ በስሟ ላይ «ካና» ጨመረበት፤ እመቤት እንደ ማለት ነው። እነዚያው አፎች በዋዜማው «ያቺ የማኤቶኩ እህት» ይሏት ነበር።

ይህ ምኞት የሚያስከፍላት ሥራ ነበረው።

ከሦስት ዓመት በፊት ጂንናይን ንዳድ ጥሎት ከረመ። ንዳዱ ሲለቀው ሽታንና ጣዕምን ይዞበት ሄደ፤ ጨውና አመድ፣ ዓሣና አበባ ለእሱ አንድ ሆኑ። ለሌላ ሹም ይህ ሕመም ነው። ለስኳር ቀማሽ ግን ከሹመት መሻር ነው። ጂንናይ ደግሞ በሀገሩ ሦስተኛ ልጅ ነበር፤ ሳይሾም በፊት በታላቅ ወንድሙ ቤት፣ ግድግዳዋ ላብ በሚያልባት አንዲት ጓዳ፣ የወንድሙን ልጆች ፊደል እያስቆጠረ ይኖር ነበር። ከዚያች ጓዳ ወጥቶ ሽማግሌ ጫማ የሚያወልቅለት ሀገር ደረሰ። ወደዚያ ከመመለስ ሞት ይሻለኛል እያለ ሲምል ናቢ ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። መሞትንም እንደማይወድ ታውቅ ነበር።

ስለዚህ ምላሱ እሷ ሆነች። በየበርሜሉ ፊት ጂንናይ ጥቂት ስኳር በማንኪያው ቆርሶ ይቀምሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያስባል፣ ከዚያ ማንኪያውን ለናቢ ይሰጣታል። እሷ ማንኪያውን ልታጥብ ፊቷን ታዞራለች። ረጅም እጅጌ እንድትለብስ ያዘዛት እሱ ነው፤ የደሴት ሴቶች እጃችን ላይ የምንነቀሰው ሰማያዊ ንቅሳት ያስጸይፈው ነበርና። በዚያ እጅጌ ተከልላ በማንኪያው ላይ የቀረውን ትልሳለች። ከዚያ ይጉመጠመጥበት ዘንድ ውሃ ትቀዳለታለች። ጽዋው ሙሉ ከሆነ ስኳሩ አንደኛ ነው፤ ግማሽ ከሆነ ሁለተኛ፤ ታቹን ብቻ ካረጠበው ተመላሽ። ጂንናይ ጽዋውን ያያል፣ ይጉመጠመጣል፣ ፍርዱን ያውጃል። በመስፍኑ ግምጃ ቤት «የማይሳሳተው ቀማሽ» ተብሎ ሁለት ጊዜ ዘመኑ ተራዝሞለታል። ሁለተኛውን የምስጋና ቃል ሲያነቡለት፣ የምር አለቀሰ።

መንገዱ ሰፋ ሲል ሳኤኩ ልጓሙን ለሎሌው አስረከበና ናቢ እስክትደርስበት ቆመ።

«ናቢ ካና፣ ሣጥኑ አልከበደዎትም?»

«ለምጄዋለሁ።»

«የሚከብደው ውሃው ነው። ውሃ ጠባዩ አይታወቅም፤ አንዳንድ ቀን ጽዋው ይሞላል፣ አንዳንድ ቀን ይጎድላል።»

ናቢ እርምጃዋን አልለወጠችም። «ውሃ እንደ ቀጂው ነው» አለች።

«እኔስ ምን አልኩ? ሦስት ዓመት ጽዋውን ሳይ ነው የከረምኩት። ጌታችን ሳይጉመጠመጡ ፍርዱን እኔ አውቀዋለሁ። አምና ከባለቤቴ ጋር ተወራርጄ ዶሮ በልቻለሁ።»

«ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«የወንድምሽ በርሜል» አለ ሳኤኩ። እርስዎ ማለቱን እዚያው መንገድ ላይ ጥሎት አለፈ። «ለእሱ በርሜል ጽዋው ይድረቅ። እኔም የጽዋውን ነገር ለማንም አልተነፍስ። እንተዋወቃለን፣ አንጎዳዳ።»

«የማኤቶኩ ስኳር ምን ሆነና?»

«መስፍኑ ያዘዙት ስኳር ነበር፤ ወንድምሽ ጠላ ጠምቆ ጠበቃቸው። ስትደርሺ ታይዋለሽ።»

«ያሉት ሎሌዎች አልበቁም?»

«ሎሌ ደግሞ መቼ ይበቃል? ስም ሊሰጡኝ ነው፤ ሳትሰሚ አትቀሪም። ትርፍ ስኳር ላስገባ ጭቃ ሹም የቤተሰብ ስም ይፈቀዳል። ዘንድሮ ካስገባሁት የከርሞው መብለጥ አለበት። ስም ያለው ሰው ወደ ኋላ አይሄድማ።»

ስለዚህ ስም አንድ ነገር መባል አለበት። የሳትሱማ ሰዎች የቤተሰብ ስም በሁለት ምልክት ይጻፋል። ለደሴት ሰው ሲፈቀድ አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ያነበበው ሁሉ ባለቤቱ ከየት እንደ ሆነ እንዲያውቅ። ጉትዬውንና የፀጉር ወስፌውንም እንዳይለውጥ አብሮ ይታዘዛል። ሳኤኩ የጎረቤቶቹን ልጆች በሎሌነት የሰበሰበው ለዚህች ግማሽ ስም ነበር። ምድጃው ዳር አመድ ላይ በጣቱ ምልክቷን ሲለማመድ ሎሌዎቹ አይተውታል፤ ጠዋት አመዱን ሲጠርጉ ስሙንም አብረው ይጠርጉለት ነበር።

የኢናሃማ ስኳር ማፍያ ከባሕሩ በላይ፣ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። መጭመቂያው፣ ሦስቱ የእንጨት ግንዶች ጎን ለጎን የቆሙበት፣ የዓመቱን ሥራ ጨርሶ ጸጥ ብሏል። መጥረቢያው ግን አሁንም አጠገቡ ተሰክቷል። ሸንኮራ የምታጎርስ ልጅ እጇ በግንዶቹ መካከል ከገባ መጭመቂያውን የሚያዞረው በሬ ቶሎ አይቆምምና፣ ክንዷን ለመቁረጥ የሚቀመጥ መጥረቢያ ነው። ለእጅ መጥፋት ቅጣት የለም። ለሸንኮራ መባከን አለ።

በርሜሎቹ በአጥሩ ጥላ ተደርድረዋል፤ በየበርሜሉ ኋላ ባለቤቱ ከነቤተሰቡ ተንበርክኳል። ለጂንናይ ጃንጥላ ተተክሎለት ምንጣፍ ተነጥፎለታል። እሱ ትከሻውን ሲያሳሽ ናቢ ሣጥኗን ያዘጋጀች መስላ ወደ ወንድሟ ተጠጋች።

ማኤቶኩ በመጨረሻው በርሜል ኋላ ነበር። ታላቋ ነው፤ ፊቱ ሶቴትሱ ከሚባል የዱር ዛፍ ፍሬ በሚሠራ የችጋር ገንፎ ብቻ ክረምቱን እንዳለፈ ሰው ጠቁሯል። ከበርሜሉ መጋጠሚያ ቀጭን ቡናማ ወዝ ወርዶ አሸዋውን አርሶታል። የሚፈስ ስኳር ያልረጋ ስኳር ነው።

«ምን አደረግህበት?» አለችው፣ ማሰሮዋን እያየች።

«ሸንኮራውን የቆረጥኩ ዕለት ማታ የመንደራችን ካህን ቀን ቆረጠች። የባሕር እናት ቀን ነው፣ እሳት አይነድም አለች።»

«የካህኗን ቀን ሳትሱማ ከከለከለ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ባሕር ክልከላ ያውቃል ብለሽ ነው?»

«የተቆረጠ ሸንኮራ ሲያድር እንደሚኮመጥጥስ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ሌሎቹ ምን አደረጉ?»

ማኤቶኩ ዓይኑን ወደ ጎረቤቶቹ ሰደደ። «ጭሱ እንዳይታይ ምድጃው ላይ ምንጣፍ ከልለው አፈሉ።»

«አንተ ቤት ምንጣፍ አልነበረም?»

ወንድሟ ፈገግ አለ፤ ይህ ፈገግታው ከልጅነቷ ጀምሮ ያናድዳት ነበር። «ሳኤኩ ትናንት ቤቱ ጠርቶኝ ነበር። የምተኛበትን ጥግ አሳየኝ፤ ከአሳማው ጎን። ‹ከአሁኑ ልመደው› አለኝ። ልጆቹም ከእኔ ጋር ናቸው፣ የሎሌ ልጅ ሎሌ ነው።»

«ለኔ ለምን ይህን ትነግረኛለህ?»

«አንቺ እህቴ አይደለሽ?»

በእኛ ደሴት ይህ ቃል ከልመና ይከብዳል። እህት የወንድሟ ጠባቂ መንፈስ ናት። ባሕር ሲወጣ ከፀጉሯ ቆርጦ ይይዛል፤ በሰላም ቢመለስ በእሷ ነው፣ ቢሰምጥም በእሷ ነው። ናቢ ይህን ታምን እንደ ሆነ ራሷም አታውቅም ነበር። በሹም ቤት ስትኖር ብዙ ነገር መናቅ ተምራለች፤ ምንጣፍ መከለል ያቃተውን ወንድሟንም ጭምር። ነገር ግን የወንድሟን አንገት በአሳማ ጎን አድርጋ ማሰብ አልቻለችም።

ሒሳቡ ግልጽ ነበር። ጽዋውን ካደረቀች ማኤቶኩና ልጆቹ የሳኤኩ ናቸው። ከሞላችው በርሜሉ በጂንናይ ማኅተም ተሳፍሮ የመስፍኑ ስኳር የሚሸጥባት ኦሳካ ሳይደርስ ይፈሳል፤ «የማይሳሳተው ቀማሽ» ይሻራል፣ የኪኩጂሮም ጥላ አብሮ ይነሳል። ሳኤኩ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት አፉን ሊከፍት ይችላል።

ቅምሻው ተጀመረ። ጂንናይ በመጀመሪያው በርሜል ፊት ቆሞ ስኳሩን ቀመሰ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከሩቅ የሚመጣ ዜማ እንደሚያዳምጥ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ይህን ንቅነቃ ከጊዜ ወደ ጊዜ አሳምሮታል። ናቢ አጠበች፣ ላሰች፣ ቀዳች። አንደኛ። ቀጥሎ ሁለተኛ። አንዱ በርሜል ስኳሩን ለማርጋት የሚጨመረው ኖራ በዝቶበት ይመርር ነበር፤ ግማሽ ቀዳችለት። የጋለው ማኅተም ክዳኑ ላይ ሲያርፍ ባለቤቱ ትንፋሹን ይለቃል፣ ሚስቱ ታነባለች፤ በዓመት ልፋታቸው የሚደሰቱት ስለተወሰደላቸው ነበር።

በሳኤኩ በርሜሎች ፊት ጂንናይ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም አንደኛ ወጡ፤ በእርግጥም አንደኛ ነበሩ፤ የሎሌ ጉልበት ስኳሩን አያመርረውም። ከጎናቸው ገለል ብሎ፣ ከግዴታው በላይ ያስገባቸው ትርፍ በርሜሎች በአበባ ተሸልመው ቆመዋል።

ከዚያ የማኤቶኩ ተራ ደረሰ።

ክዳኑ ሲነሳ ሽታው ወጣ። ያደረ ቅራሪ ሽታ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ያልሸተተው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጂንናይ ማንኪያውን ነከረ፣ ቀመሰ፣ ዜማውን አዳመጠ፣ ማንኪያውን ሰጣት። ናቢ ፊቷን አዙራ በእጅጌዋ ተከለለች። ስኳሩ ምላሷን ቆነጠጣት። ቀና ስትል የሳኤኩ ዓይን ጽዋው ላይ ተተክሎ አየችው፤ አፉ በመጠኑ ተከፍቷል፣ ሊጎርስ እንደ ቀረበ ሰው። ወንድሟ ወደ ባሕሩ ይመለከት ነበር።

ውሃውን ቀዳች። እስከ ከንፈሩ ሞላችው፤ ጥቂት ጠብ ብሎ ጣቷ ላይ ያለውን ንቅሳት አረጠበው።

ጂንናይ ጽዋውን አየ፣ ተጉመጠመጠ። «አንደኛ» አለ።

ማኅተሙን የያዘው ሎሌ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ሳኤኩ ግን ቀደመው። አሸዋው ላይ ተደፍቶ፣ ያ ሁሉ ድፋት ሳያንሰው፣ ራሱን ሁለት ጊዜ ከመሬት አጋጨ።

«ጌታዬ፣ ይማሩኝ። ይህ በርሜል ኮምጥጧል። ቢታሸግ የጌታዬ ስም ነው የሚነካው።»

ጂንናይ ጽዋውን ወደ ናቢ መለሰ። ናቢ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም ነበር። ስትናገር ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

«ጌታዬ፣ ይፍቀዱልኝና፤ ጭቃ ሹሙ መኮምጠጡን በምን አወቁ? የመስፍኑን ስኳር የደሴት ሰው ምላስ እንዲነካው አልተፈቀደም።»

ሳኤኩ ከመደፋቱ ቀና አለ። «አልላስኩም። ሽታው ነው። ሽታው ከበር ጀምሮ ይጣራ የለም እንዴ?»

«ሽታ?» አለ ጂንናይ።

«አዎን ጌታዬ። አፍንጫ ያለው ሁሉ ይሸተዋል።»

ጂንናይ በርሜሉን አየ፤ ሳኤኩን አየ። ሸተተኝ ቢል ለምን አንደኛ እንዳለው ሊመልስ ነው። «እኔ ምንም አልሸተተኝም» አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ስኳር የተናገረው የመጀመሪያ እውነት ነበር።

ሳኤኩ ምስክር ፍለጋ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «እማማ ካማዶ፣ እርስዎ አይዋሹም። ይሸታል አይሸትም?»

አሮጊቷ ካማዶ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ አበሰች። «እኔማ ልጄ ጉንፋን ከያዘኝ ሰነበተ። አፍንጫዬ እንዲያው ለጌጥ ነው የቀረው።»

«አንተስ?» አለ ሳኤኩ ኖራ አቃጣዩን።

«ዕድሜዬን ሙሉ ኖራ ሳቃጥል ኖሬ አፍንጫ ከየት ይመጣል፣ ጭቃ ሹም?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ቀጥሎ ሌላው ሳለ። ሳሉ ከበርሜል ወደ በርሜል እየተቀባበለ ሄደ፤ ምንጣፍ ከልለው ካፈሉት ጎረቤቶች ጉንፋን ያልያዘው አልተገኘም። ለማኤቶኩ አዝነው ነው ብዬ ልጽፍ እወድ ነበር። ይልቅስ የካህኗ ቀን ከተነሳ የእነሱም ምንጣፍ እንደሚነሳ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ሳኤኩ ፊቱ ቀላ። ከገዛ ሎሌዎቹ አንዱን፣ ማኅተም ያዡን፣ በክንዱ ጎተተው። «ይሄ ይመስክር። ና፣ አሽት።»

«እርስዎ ካዘዙኝ፣ ጌታዬ።»

«አዝዤሃለሁ።»

ሎሌው በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ቀና አለና ወደ ጌታው ዞሮ ደግሞ ሳበ። «የሚሸተኝስ አለ» አለ በትሕትና። «ግን ከበርሜሉ አይደለም፤ ጌታዬ ከጠዋት ጀምሮ ሲሮጡ ስለ ነበር ነው።»

አንዲት ሴት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሳኤኩ ከዚያ ወዲያ የሚጠነቀቅለት ነገር አልቀረውም። ተነሥቶ ቆመ፤ ጣቱን ወደ ናቢ ዘረጋ። «እንግዲያው ምላስ ይመርመር። የእኔንም የእሷንም ይዩ። ሦስት ዓመት ሙሉ በእጅጌዋ ተከልላ የመስፍኑን ስኳር የምትልሰው እሷ ናት። የጌታዬን ጽዋ የሚሞላው ማን እንደ ሆነ …»

ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ቢጨርሰው የሚወድቀው ስሙን የሚያጸድቅለት ሹም ራሱ እንደ ሆነ ከአፉ ሲወጣ ነበር የታየው። አፉን ከፍቶ ቀረ። አንድ ምልክት ብቻ ያላት ስም እንኳ እንዲህ ባለ አፍ ውስጥ ትጠፋ ነበር።

«ውሃ» አለ ጂንናይ።

ናቢ ጽዋውን ይዛ ቀረበች። ለመጉመጥመጥ ጎንበስ ሲል ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ ጠየቃት።

«እውነቱን ንገሪኝ። ምን ይላል?»

«ኮምጥጧል፣ ጌታዬ። ኦሳካ አይደርስም።»

«እና ሞላሽው።»

«ሞላሁት።»

«በእኔ ማኅተም።»

«ወንድሜ ነው።»

«ልጁንስ አላሰብሽም?»

ናቢ ከተጋቡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ቀጥ ብላ አየችው። ዓይኑ ውስጥ ያችን ላብ የሚያልባት ጓዳ አየች፤ ደግሞም የምታውቀውን ፍርሃቱን። «ልጁን የሚያሳድገው የጌታዬ ምላስ ነው» አለችው። «ምላሱ ደግሞ ያለው እኔ ዘንድ ነው። በርሜሉን እንዴት እንደሚያወጡት ጌታዬ ያስቡበት፤ እኔ የድርሻዬን ቀድቻለሁ።»

ከአንደበቷ እንዲህ ያለ ቃል በመውጣቱ አልደነገጠችም። ያለ እሷ አንድ በርሜል እንኳ መፍረድ እንደማይችል፣ መፍረድ ካልቻለም ወደዚያች የወንድሙ ጓዳ እንደሚመለስ፣ ወደዚያ ከመመለስም ሁሉንም እንደሚመርጥ ታውቅ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በንቀት ስታጠናው ኖራለችና ያልደረሰችበት ጥግ ያለው አልመሰላትም። ፈሪን የሚንቅ ሰው ግን የማይቆጥረው አንድ ነገር አለ፤ ፈሪ የሚሸሽበት መንገድ ሲያጣ፣ የሚሸሸው ትናንት ሸሽቶት ወደ ወጣው ስፍራ ነው።

ጂንናይ ተጉመጠመጠና ውሃውን አሸዋው ላይ ተፋ። ጥቂት ጊዜ ከአጥሩ በላይ ወደ ባሕሩ ተመለከተ፤ የጸደዩ መርከቦች ሸራቸውን አጥፈው ከዓለቱ ውጭ መልሕቅ ጥለዋል። ከዚያ ሰይፎቹን አስተካክሎ ምንጣፉ ላይ ወጥቶ ቆመ። ሳኤኩ ተደፋ። ግቢው ሁሉ ተደፋ። ናቢም ሣጥኗን አስቀምጣ ከምንጣፉ ዳር ተንበረከከች።

«ሁላችሁም ስሙ» አለ ጂንናይ፤ ድምፁ አዋጅ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር። «የማኤቶኩ በርሜል በተሰጠው ፍርድ አንደኛ ነው። ሆኖም ጭቃ ሹም ሳኤኩ ጣዕሙን እንደሚያውቅ በራሱ አፍ መስክሯል። የደሴት ሰው ምላስ የነካው ስኳር ለመስፍኑ አይቀርብም፤ በርሜሉ የሳኤኩ ነው፤ በምትኩም ከትርፉ አንዱን ለማኤቶኩ ቤት ይተካል። ማኤቶኩ ግዴታውን ፈጽሟል። የሳኤኩ የስም ጉዳይ ከእንግዲህ አይነሣም። ናቢ የምትባለው ሴት ከዛሬ ጀምሮ ወደ ወንድሟ ቤት ትመለሳለች። እኔ ጤናዬ ስለታወከ በእነዚህ መርከቦች ወደ ሀገሬ እገባለሁ። ኪኩጂሮ ከእኔ ጋር ይሳፈራል።»